የመንበሩ አዲስ ዘር

ገርጂ ላይ የቆመው ዋርካ ሕንፃ ዘጠና ፎቅ አለው። ዘጠና ሲባል ቀላል እንዳይመስል። ምድር ቤት ዣንጥላ ዘርግተው ሊፍት የገቡ ሰዎች ጣሪያው ላይ ሲደርሱ ደመናውን ቁልቁል እያዩ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰባተኛ ፎቅ ተወልደው፣ ሰባተኛ ፎቅ ተምረው፣ ከሰባተኛ ፎቅ አግብተው፣ አንድም ቀን አፈር ሳይረግጡ ያረጁ ሰዎች አሉበት።

ታችኞቹ አርባ ፎቆች የሚኖሩት በፀሐይ ነው። ጠዋት ይነሳሉ፣ ማታ ይተኛሉ። ከአርባ በላይ ያሉት ግን ሥራቸው ከባሕር ማዶ ሰዎች ጋር ስለሆነ እዚያ ሲነጋ ነው የሚነጋላቸው። አያቶቻቸው ሥራውን ሲጀምሩ "ለጥቂት ጊዜ ነው" ብለው ነበር። ልጆቻቸው ትምህርት ቤቱን ወደ ሌሊት አዞሩት። የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፊታቸውን ታጥበው "እንደምን አደራችሁ" ይባባላሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ መጋረጃ ዘግተው ይተኛሉ። ሁለቱ ወገኖች የሚተያዩት ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ፣ ሊፍት ውስጥ ብቻ ነው። አንዱ ሽሮ ሽሮ ይሸታል፣ ሌላው የጥርስ ሳሙና።

እድሩ እንኳ ለሁለት ከተከፈለ ቆየ። የላይ ሰው ሲሞት ታች ተኝቷል፤ የታች ሰው ሲቀበር ላይ እንቅልፍ ላይ ነው። ተጣልተው አይደለም። ማንም ማንንም አልበደለም። ሰዓት ነው የለያቸው።

የድንበሩ ፎቅ አርባኛው ነው። እዚያ፣ ሰፊው በረንዳ ላይ፣ መንበሩ ጣሰው ንብ ያረባል። ሚስቱ ከሞተች የቆየ፣ ሃምሳዎቹን የጀመረ፣ ሪዙን በየማለዳው የሚቀባ ሰው ነው። ማሩ ጥሩ ነው፤ ወሬው ግን ከማሩ ይበልጣል። አንድ ሌባ ቀፎ ሊሰርቅ መጥቶ ንቦቹ በኮሌታው አንጠልጥለው አሥራ ሁለተኛ ፎቅ እንዳወረዱት ሦስተኛ ፎቅ ባለው የዘነቡ ጠጅ ቤት ያልሰማ የለም። በመጀመሪያ ሲያወራው ሌባው የወረደው ሠላሳ ስምንተኛ ፎቅ ድረስ ብቻ ነበር።

ትልቁ ጉራው ግን ስለ ንቦቹ ዘር ነው። ሕንፃው አዲስ ሳለ የመንበሩ አያት አንድ ቀፎ ንብ ይዘው ገቡ። ንቡ ሲበዛ ተከፈለ፤ ግማሹ በረንዳው ላይ ቀረ፣ ግማሹ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ሰፈረ። ጣሪያው ላይ የላይኞቹ የአትክልት ቦታ አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ በመብራት የሚያብብ ነው። የጣሪያው ንቦች እንደ ባለቤቶቻቸው ቀን ይተኛሉ፣ ሲመሽ ይሠራሉ።

"የእኔ ንቦችና የላይኞቹ ዘር ለዘር አይገናኙም" አለ መንበሩ አንድ ቀን ብርሌውን አንስቶ። "ተለያይተዋል። አዲስ ፍጥረት ነው። ያገኘሁትም እኔ ነኝ።"

"እስቲ ዝም በል" አለች ዘነቡ፣ ጠጅ እየቀዳች። "ንብ ንብ ነው።"

"ንቡ ብቻ መሰለሽ? ሰዎቹስ? ዐይናቸውን አላየሽም? ጉጉት ሆነዋል እኮ። ከእነሱ ጋር ጋብቻ ቢሞከር ፍሬ አይኖረውም።"

ጠጅ ቤቱ ሳቀ። ሳቁ በሊፍት ወጣ። በሁለተኛው ቀን ሰማንያኛ ፎቅ ደረሰ፤ በሳምንቱ ከሕንፃው ወጥቶ ከተማ ገባ፤ በከተማው ዞሮ የሕያዋን ዘር ከሚመረምረው መሥሪያ ቤት ገባ። ከመሥሪያ ቤቱ ትርሲት የምትባል ወጣት ሴት መጣች። ሳትቸኩል የምትናገር፣ ሳቋን ጥርሷ ውስጥ የምታስቀር ልጅ ናት።

"አዲስ ዘር አገኘሁ ያሉት እርስዎ ነዎት?"

"ማግኘት ብቻ? ስምም አውጥቼለታለሁ። መንበሬ ይባላል።"

"በምን አወቁ?"

"አይገናኙማ። እነዚህ ሲበርሩ እነዚያ ተኝተዋል።"

ትርሲት ቀፎውን ዞራ አየች። "የሌሊት ዘበኛና የቀን አስተማሪም አይገናኙም፣ ጋሼ። ሁለት ዘር ናቸው?"

መንበሩ ሪዙን ወደ ላይ ጠቀለለ።

"መለያየቱ መጀመሪያው ነው" አለች። "አንድ የነበረ ነገር ለሁለት ተከፈለ። ላይ ያለው ንብ በመብራት ይሠራል። በመብራት የሚደናበረው ትንሽ ቀስሞ፣ ትንሽ ወልዶ፣ አለቀ። የማይደናበረው በዛ። ልለወጥ ያለ ንብ የለም፤ የተመቸው በዝቶ ነው። የታቹም የራሱን መንገድ ሄደ። የለመዱት ሽታ፣ የሚጠራሩበት ሁኔታ፣ ሁሉም ቀስ በቀስ ይርቃል። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው። ዛሬ ብናገናኛቸው ይዋለዳሉ ወይስ አይዋለዱም?"

"አይዋለዱም" አለ መንበሩ። "ሪዜን ይዤ እምላለሁ።"

"ሪዝዎ ይቆይ። እናያለን።"

የሚታይበት መንገድ ቀላል ነው። ንግሥት ንብ ለጋብቻ የምትወጣው ልጅ ሳለች ነው፤ ድንጉላዎቹ፣ ማለት ወንዶቹ ንቦች፣ አየር ላይ ያገኟታል። ካገኟት ተመልሳ ሠራተኛ ሴት ንቦች ትወልዳለች። ካላገኟት የምትጥለው እንቁላል ሁሉ ወንድ ብቻ ይሆናል። የመንበሩ አንዲት ልጅ ንግሥት ወደ ጣሪያ ትወሰዳለች፣ የላይኞቹን ሰዓት እንድትለምድ ትደረጋለች፣ ከዚያ በእነሱ የመውጫ ሰዓት ትለቀቃለች። እስክትለምድ የሚንከባከባት ራሱ መንበሩ ነው።

እንዲህ ሆኖ መንበሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያ ወጣ። ጀምበር እየጠለቀች ነበር። የጣሪያው ንቦች ጠባቂ ወይዘሮ ጥሩአየር ከአትክልቱ መሀል ጠረጴዛ ዘርግታ ቁርስ ትበላለች። ደርበብ ያለች፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ በሥራዋ በላይኛው ወገን የታወቀች ሴት ናት። ሥራዋ ማስታረቅ ነው። የባሕር ማዶ ሰዎች የቤት ዕቃ ሲያኮርፍባቸው እሷ ጋ ይደውላሉ፤ በዚያ ዘመን ፍሪጅ ያኮርፋል፣ ምድጃ ይቀየማል። እሷ ሁለቱንም ወገን ሰምታ ታስማማለች። አንድ ጊዜ ከባለቤቱ ጋር የተኳረፈ አንድ ሙሉ ሆስፒታል አስታርቃለች ይባላል፤ አንድ ክፍል ብቻ ነበር የሚሉም አሉ።

"እንደምን አደሩ፣ ጋሽ መንበሩ" አለችው። "ጉጉቶቹን ሊጎበኙ መጡ?"

መንበሩ ንግሥቲቱ ያለችበትን ትንሽ ሣጥን ደረቱ ላይ ለጠፈ። "እንደምን አመሹ። ጉጉት ያልኩት... ለማድነቅ ነው። ጉጉት ዐይኗ ቆንጆ ነው።"

"ቁጭ ይበሉ። ፍርፍር አለ።"

"እኔ እራቴን ልበላ ነው።"

"ብሉታ። እኔ ቁርሴን እበላለሁ፣ እርስዎ እራትዎን። ሳህኑ አይጠይቅም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀምበር ስትጠልቅ መንበሩ ጣሪያው ላይ ነው። የንግሥቲቱን ቀፎ በጨርቅ ይጋርዳል፣ መብራት ያስለምዳታል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ጥሩአየር ስትሠራ ይሰማል። "ይቅርታ ጠይቀው" ትላለች ለአንዱ። "በሩን በኃይል ዘግተህበታል። አዎ፣ እሱም አጥፍቷል፤ ግን ትልቁ አንተ ነህ።" ለሌላዋ፣ "ምድጃሽን ከጎረቤት ምድጃ ጋር አታወዳድሪው። ማን ይወዳል?" መንበሩ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ታች ወርዶ የራሱን ቀፎ ክዳን ሲዘጋ ቀስ ማለት ጀመረ።

አንድ ማታ ልማዱ አልቻለውምና የሌባውን ታሪክ አወራላት። "አንጠልጥለው አሥራ ሁለተኛ ፎቅ አወረዱት" አለ።

ጥሩአየር ፍርፍሯን ጎርሳ አሰበች። "አሥራ ሁለተኛ ብቻ? የእኔዎቹ ቢሆኑ ፖሊስ ጣቢያ አድርሰው ቃሉን ይቀበሉት ነበር።"

የመንበሩ ጉርሻ አፉ ውስጥ ቆመ። ጉራ ሲነዛ የሚስቁበት ሞልተዋል፤ የሚሰድቡትም አሉ። የሚያስከነዳው ሰው ግን አልገጠመውም ነበር። የዚያን ማታ በሊፍት ሲወርድ አርባኛ ፎቅን አልፎ ምድር ቤት ደርሶ ነው የነቃው።

ንግሥቲቱ የምትለቀቅበት ቀን ደረሰ። ትርሲትም መጣች። የጣሪያው ድንጉላዎች በመብራቶቹ መሀል እንደ ጭስ ተነስተዋል፤ ማጋነን አይሁንና ጨረቃን ጋርደዋት ነበር። ንግሥቲቱ ከቀፎው ወጣች፣ ክንፏን ሞከረች፣ ወደ እነሱ በረረች። መሀላቸው ገባች። አንዱም አልዞረም። ዙሪያቸውን ዞረች፤ በአጠገቧ እንደ መንገደኛ አለፏት። ወደ ቀፎዋ ተመልሳ ገባች። በማግስቱም ወጣች፣ በማግስቱም እንዲሁ።

"አያዩዋትም እንዴ?" አለ መንበሩ።

"ያዩዋታል" አለች ትርሲት። "ግን ሙሽራ መሆኗን አያውቁም። ጠረኗ እነሱ የሚያውቁት የሙሽራ ጠረን አይደለም። ዘር የሚለየው እንዲህ ነው፣ ጋሼ። የጥንት አንድነቱ ይጠፋል፤ አንዱ ሲያጭ ሌላው መታጨቱ አይገባውም።"

ከሳምንታት በኋላ ቀፎው ተከፈተ። ትርሲት የማሩን እንጀራ ወደ መብራቱ አዞረችው። ጉድጓዶቹ በሙሉ ጎብጠው ወጥተዋል፤ ውስጣቸው ያለው እጭ ሁሉ ወንድ ነው። አንዲት ሴት የለችም።

"እንኳን ደስ አለዎ" አለች። "ልክ ነበሩ። ሁለት ዘር ናቸው።"

መንበሩ እድሜ ልኩን ጉራ ነዝቷል፤ ከነዛው ውስጥ እውነት ሆኖ የተገኘ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሊዘል ይገባው ነበር። እሱ ግን ጥሩአየርን በጎን አየና ጉሮሮውን ጠራረገ።

"እንደገና ቢታይስ?"

"ለምን?"

"ነገሩ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል።"

የጥሩአየር ታላቅ ወንድም ልሳኑ ከአትክልቱ ማዶ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ልሳኑ ከእህቱ ጋር የሚኖር፣ የቤቱ አባወራ፣ ጉጉት መባሉን ከልቡ ያላወጣ ሰው ነው። መንበሩን ሊፍቱ ድረስ ሸኘው። በሩ ሊዘጋ ሲል "ማታ ማታ ለምን እንደምትመጣ አይቻለሁ" አለው። "እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን ሁለት ዘር ናችሁ፣ ፍሬ የለውም ያልከው ራስህ ነህ። አሁን ደግሞ ተመስክሮልሃል።" በሩ ተዘጋ።

መንበሩ ሦስት ቀን ጣሪያ አልወጣም። ጠጅ ቤት ገብቶ የሌባውን ታሪክ ሳያወራ ተቀመጠ። ዘነቡ ግንባሩን ነካችው። "ታመሃል?"

"ዘነቡ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው።"

"ወዴት?"

ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ። ዘነቡ የሦስተኛ ፎቅን ኮርኒስ አይታ፣ ከዚያ ገባትና ብርሌውን ሳታስከፍለው ሞላችለት።

ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ። መሪያቸው አባባ ድልነሳሁ ናቸው፤ ከታች አርባ ፎቅ ጋብቻ ውስጥ ግማሹን እሳቸው ናቸው የጠየቁት። ችግር የሆነው ሰዓቱ ነው። ወጉ ሽማግሌ ማለዳ ይሂድ ይላል። ማለዳ ግን ላይኞቹ ሊተኙ ነው። "የማንን ማለዳ ነው ወጉ የሚያውቀው?" አሉ አባባ ድልነሳሁ። "የልጅቷ ቤት ማለዳ ነው። እነሱ ሲነሱ እንሄዳለን።" ሁሉም በአስተያየታቸው ተደነቀ። መንበሩም እንደ ወጉ አርባኛ ፎቅ ቀረ።

ያላወቁት አንድ ነገር ነበር። ላይ፣ ሽማግሌ መላክ ከቀረ ሁለት ትውልድ ሆኖታል። ላይኞቹ የሚጫጩት ሥራ ቦታ፣ በምሳ ሰዓታቸው፣ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ጋቢ የለበሱ አዛውንቶች በር ላይ የሚቆሙት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ለመርዶ።

ጀምበር ስትጠልቅ በሩ ተንኳኳ። ልሳኑ ከፈተ። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን ቆፍጠን አድርገው ቆመዋል። ደነገጠ።

"ግቡ። ቁጭ በሉ።"

"ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ አባባ ድልነሳሁ።

ልሳኑ እህቱን ጠራ። ጥሩአየር ከጓዳ ወጣች፤ ፊቷ ገና እንደረጠበ ነው። "ማን ነው? ተናገሩ" አለች።

አባባ ድልነሳሁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ለእንዲህ ያለ ቀን ያስቀመጡት ከባድ ድምፅ አላቸው። "የመጣነው" አሉ፣ "ስለ መንበሩ ነው።"

የጥሩአየር ጩኸት ዘጠናኛውን ፎቅ ሰነጠቀ። ሻሿን ወረወረች። "ወይኔ መንበሩ" አለች፣ "ወይኔ የአርባኛው ፎቅ ሰው። ሦስት ቀን ሲቀር አኩርፎ መስሎኝ። ንቦችህ እንግዲህ ማንን ይንደፉ? ውሸትህ ከሰው እውነት የሚጣፍጠው፣ ጨረቃን ማር የምታስቀስማት። ከማን ጋር ልብላ ቁርሴን?" ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አባባ ድልነሳሁ "የለም፣ እኛ እኮ" ሲሉ ልሳኑ እያለቀሰ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመና ድምፃቸው ጋቢው ውስጥ ቀረ።

ጎረቤት ሰማ። ጎረቤት ለጎረቤት አሰማ። የላይኛው እድር ጡሩምባ ተነፋ፤ ድንኳኑ ጣሪያው ላይ ተተከለ። ጡሩምባው በሊፍቱ ጉድጓድ ቁልቁል ወርዶ እራት ላይ የነበረውን ታች አገኘው። መንበሩ ሞተ ተባለ። ዘነቡ ጠጅ ቤቷን ዘጋች፤ የዘጋችበት ቀን በታሪክ አይታወቅም። የታችኛው እድርም ድንኳኑን ተሸክሞ ወጣ።

መንበሩ አርባኛ ፎቅ ሊፍቱ ፊት ቆሞ የሽማግሌዎቹን መመለስ ይጠብቃል። በሩ ተከፈተ። ውስጡ ጢም ብሎ በሚያለቅስ ሰው ሞልቷል። አንዲት የማያውቃት ሴት ጎተተችው።

"ግባ፣ ቦታ አለ። ነጠላህን ግን ዘቅዝቅ።"

"ማን ሞቶ ነው?"

"ጋሽ መንበሩ ናቸው አሉ። አታውቃቸውም? እኔም አላውቃቸውም፤ ግን እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም ይላሉ።"

መንበሩ ዝም ብሎ ገባ። እስከ ጣሪያ ሃምሳ ፎቅ ነው፤ ሃምሳውንም ፎቅ ሲሞገስ ወጣ። ድንኳኑ ደጃፍ ሲደርስ የጥሩአየር ድምፅ መጣ። ገብቶ "አለሁ" ማለት ነበረበት። ማንም ሰው ያደርገው ነበር። እሱ ግን ከምሰሶው ጀርባ ቆመ። እድሜውን ሙሉ ስለ ራሱ የተናገረው ሁሉ እሷ ከምትለው አጠገብ የሕፃን ጨዋታ ሆነበት። ትንሽ ሰማ። ትንሽ ሲባል፣ ሙሾው ወደ ሁለተኛ ዙር ገብቷል።

ዘነቡ ናት ያየችው። ዐይኗን ጠረገች፣ ደግማ አየች። "ይኸውላችሁ" አለች በረጅሙ ተንፍሳ። "ሞቶም ሙገሳ ያዳምጣል።"

ሙሾው ተቋረጠ። ሰው ለሁለት ተከፈለና መንገድ ሆነ። ጥሩአየር ያበጠ ዐይኗን አነሳች።

"ከመቼ ጀምረህ ነው የሰማኸው?"

"አሁን ነው የደረስኩት።"

"ውሸት።"

"ጨረቃን ማር ካስቀሰምሻት ጀምሮ" አለ መንበሩ። "ሁለተኛውን ዙር።"

መጀመሪያ አንድ ሳቅ አመለጣት፣ ከዚያ ሳቁ አልቆም አላት። አባባ ድልነሳሁ ይህን ጊዜ ከልሳኑ እቅፍ ተላቀው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "እኛ የመጣነው ልጅቷን ለመጠየቅ ነበር" አሉ። "ያውም በማለዳችሁ።"

ትርሲት የመጨረሻውን የማር እንጀራ ልትወስድ መጥታ ከድንኳኑ ጥግ ቆማ ነበር። "ድንጉላዎቹም ልክ እንዲህ ነበሩ" አለች። "የመጣችው ሙሽራ መሆኗን አላወቁም። እነሱ ግን ዝም ብለው አለፏት። እናንተ ጮኻችሁ፣ ማን ሞተ ብላችሁ ጠየቃችሁ። ንብ አትጠይቅም።"

ልሳኑ መንበሩን ከእግሩ እስከ ሪዙ አየው። ለደቂቃ ያህል ሁለት የተለያዩ ፍጥረታት የሚተያዩ ይመስል ነበር።

"እንግዲህ" አለ፣ "እህቴ በሁለት እድር ፊት ሻሿን ጥላ አልቅሳልሃለች። አሁን ሳታገባት ብትቀር በየትኛው ሰዓት ነው ሰው ፊት የምንወጣው? በእናንተ ነው በእኛ?"

"እሷ ትጠየቅ" አለ መንበሩ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

ጥሩአየር ጎረቤት አንስታ የያዘችላትን ሻሽ ተቀበለች፣ አራገፈች፣ አሰረች። "ቁርስ ሳልበላ አስለቅሳችሁኛል" አለች። "እራቱን ይዞ ይምጣና እንነጋገር።"

"አሁንስ መቀመጥ እንችላለን?" አሉ አባባ ድልነሳሁ። ያን ሁሉ ጊዜ እንደቆሙ ነበር።

ድንኳኖቹን የሚነቅል አልተገኘም። ሁለት እድር ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ተክሎ ነበርና ለቅሶው ሠርግ እስኪሆን እዚያው ቆሙ። ንቦቹ አልታረቁም፤ እስከ ዛሬ እየተላለፉ ይበርራሉ፤ ሁለት ዘር ናቸው። ለጣሪያዎቹ ስም ያወጣላቸው መንበሩ ነው፣ በራሱ ሳይሆን በሚስቱ፤ ጥሩአየሬ ይባላሉ። የባልና ሚስቱ ሳህን ግን አንድ ነው፣ አርባኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ለአንዱ ቁርስ ለአንዱ እራት።

መንበሩ ጉራውን አልተወም። ጠጅ ቤት ሲገባ ብርሌውን ያነሳና፣ "እኔ ስዳር" ይላል፣ "ዘጠና ፎቅ ነው ያለቀሰው።"

የሌባውን ታሪክ ሲጀምር አሁንም ይሳቃል። በዚህኛው ላይ ግን ውሸት ነው ሊለው የሚችል ሰው በሕንፃው ውስጥ አልተገኘም፤ ሁሉም አልቅሷል።